ከሐኪም ቤት በር ወዲያ

በአዲስ አበባ ምዕራብ ጦር ኃይሎች የሚባለው ሠፈር ስሙን የወረሰው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ ግን በ1951 እ.ኤ.አ. ሲከፈት (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ይባል ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው ዐረፉ። እንግዲህ ሆስፒታሉ በመጀመሪያ የቆመው ለአንዲት ነርስ መታሰቢያ ነው። ይህንም ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ልብ በእኛ ሙያ ቋንቋ ፓምፕ ነው። ሲደክም ፈሳሽ በሳንባና በእግር ይጠራቀማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 የዲጂታሊስን ጥቅም ገለጸ፤ በ20ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ፈሳሹን በሽንት የሚያስወግዱ ክኒኖች መጡ፤ በ1987 ደግሞ ኤናላፕሪል ሞትን እንደሚቀንስ በሙከራ ተረጋገጠ። ይህም ሁሉ ሆኖ፣ ተሽሎት የወጣው በሽተኛ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ መተኛቱ አልቀረም።

በ1995 ማይክል ሪችና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በ282 አረጋውያን ላይ ያደረጉት ጥናት መንገዱን አሳየ። ለአንደኛው ወገን ነርስ ስለ በሽታው አስተማረች፤ የምግቡ ጨው ተመጠነ፤ መድኃኒቱ ተመረመረ፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም በቤቱና በስልክ ተጠየቀ። በ90 ቀን ውስጥ በልብ ድካም ምክንያት ተመልሶ መተኛት በተለመደው ሕክምና ወገን 54 ጊዜ ሲደርስ፣ በዚህኛው ወገን 24 ጊዜ ብቻ ሆነ።

እኛ መሐንዲሶች ይህን ስናነብ ነርሲቱን በመሣሪያ ለመተካት እንቸኩላለን። በ2010 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ከ1,653 በሽተኞች እኩሌቶቹ ሕመማቸውንና ክብደታቸውን በየቀኑ ለስልክ መሣሪያ እንዲነግሩ ተደረገ፤ በስድስት ወር ግን ከሌሎቹ የተለየ ውጤት አልተገኘም። በመጨረሻው ሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መሣሪያውን የተጠቀሙት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ወጣቶችን ለልብ ድካም ይዳርጋል። ለእነርሱ በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊን አለመቋረጡ፣ የክብደት መለኪያ ማግኘታቸው፣ እግራቸው ሲያብጥ የሚጠይቁት ሰው መኖሩ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ድልድይ ሠርቶ ያስረከበ መሐንዲስ ጥገናውን ቢረሳ ሥራው ተፈጸመ አይባልም። የሐኪም ቤትም ሥራ በሽተኛው በሩን አልፎ ሲሄድ አያበቃም፤ በሩን አልፋ የምትከተለው ነርሲቱ ናት፤ የእኛም ድርሻ የእርስዋን እጅ ማርዘም እንጂ ቦታዋን መውሰድ አይደለም።