በምድጃ ሽቦ የታፈነ ጊታር

ደሴ ቤት ተከራይቶ የኖረ ያውቀዋል። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው የጋራ፤ ሌሊት ብታስነጥሱ ከግድግዳው ማዶ «ይማርህ» የሚል አታጡም። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር አንድ ጊታሪስት ወዳጄ ከኮምቦልቻ አሮጌ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ገዝቶ ዳገቱን ይዞት ወጣ። 50 ዋት። የመጀመሪያው ምሽት የመጨረሻው ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር።

«ድምፁን አይቀንስም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ክራር በጣት ጫፍ ቢዳሰስም ክራርነቱ አይጠፋም። ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር ግን ያንን ሻካራ፣ የሚያለቅስ ድምፅ የሚሰጠው የመጨረሻዎቹ ቫልቮች አቅማቸው ጫፍ ሲደርሱ ነው። ሲቀንሱት ንጹህ ግን ቀዝቃዛ ድምፅ ይቀራል።

ይህ ዕቃ ሲፈጠር ለጭቃ ቤት አልታሰበም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ውስጥ ጂም ማርሻል «ዘ ሁ» ለተባለው ባንድ ጊታሪስት፣ ለፒት ታውንሰንድ ጥያቄ ሲል ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየር ሠራ። የዚያን ጊዜ የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበር ጊታሩ ራሱ አዳራሹን መሙላት ነበረበት። ጩኸቱ በመጣ በ15 ዓመቱ ገደማ ማፈኛው ገበያ ላይ ዋለ። ቶም ሾልዝ የፖላሮይድ መሐንዲስ ነበር፤ የቦስተን ባንድን የመጀመሪያ አልበም አብዛኛውን ክፍል የቀዳው በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እሱ «ፓወር ሶክ» ብሎ የሸጠው ሣጥን በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የአዲስ አበባ ሆቴል ባንዶች ሥራ አልፈቱም፤ የገባ እንግዳ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱለት ነበር። ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ግዮን። የአይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራውን የቀዳው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በ1978 የቀዱትም ግዮን የሌሊት ክበብ ውስጥ ነው። ጎረቤት የሚባል የለም፤ የሚፈራው ወታደር እንጂ አከራይ አልነበረም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ ልጆቻችን በስልክ ሰምተው «ይህን ድምፅ እንዴት አመጡት?» የሚሉት ጊታር ግማሹ የአዳራሹ ሥራ ነው።

ወሎም ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያየንበት የላሊበላ ኪነት ነበረው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ አገር ስሞች ናቸው። ስለ ድምፃውያኑ ብዙ ተብሏል፣ ይባልም። አምፕሊፋየር ሲቃጠል ሌሊት ተቀምጦ ስለሚጠግነው ሰው ግን ስንት ገጽ አንብባችኋል?

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ስፒከሩን ነቅሎ በባዶ ሊያጫውት አስቦ ነበር፤ ተመስገን አልሞከረውም። ጭነት ያጣ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ከባድ ዋት የሚችል ሬዚስተር ፍለጋ ደሴንም ኮምቦልቻንም ዞሮ አጣ። በመጨረሻ ያገኘው እናቶቻችን ዘንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ፣ ገበያ ላይ «ሬዚስታንስ» የሚሉት። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚስብ ሽቦ ወደ 48 ኦም ይሆናል። ከርዝመቱ አንድ ዘጠነኛው 5.4 ኦም ገደማ፣ አንድ አሥራ ሦስተኛው 3.7 ኦም ገደማ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ቁራጭ በመስመሩ ላይ፣ ሁለተኛውን ከስፒከሩ ጎን ለጎን አሰረ። ስፒከሩ 8 ኦም ስለሆነ አምፕሊፋየሩ አሁንም የሚያየው 8 ኦም ነው፤ ምንም እንደተለወጠ አያውቅም። ሽቦው በተራ ብየዳ አይያዝም፣ በብሎን ነው የሚጠብቀው። ያረፈውም እዚያው የምድጃው ሸክላ ላይ ነው፤ እንጨት አጠገቡ እንዳይደርስ።

ከ50ው ዋት 45ቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ 5ቱ ስፒከር ይደርሳል። ጆሮ ግን ስስታም ነው፤ ኃይል በአሥር እጥፍ ሲቀንስ የሚሰማን በግማሽ ገደማ የቀነሰ ድምፅ ነው። ግማሽ ደግሞ ለጭቃ ግድግዳ አይበቃም። የቀረውን ጋቢ ጨረሰው፤ ስፒከሩን አለበሰው። ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል፣ አልዋሽም። ሙቀቱ ግን ለደሴ ብርድ አይከፋም።

አንድ ምሽት አምባሰል እየተጫወተ በሩ ተንኳኳ። አከራዩ ናቸው። ልቡ ቆመ። «ልጄ፣ ምድጃ ረስተህ ነው እንዴ? የጋለ ሽቦ ይሸታል» አሉት። ጊታሩን አልሰሙትም።

በወሎ ኪነት ጊዜ አምፕሊፋየር የጠገናችሁ፣ ወይም የጠገነ አባት ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ እኔ እመጣለሁ።