መቁጠርና መለየት፦ የሕፃናት ንባብ ትምህርት ከአቡጊዳ እስከ ድምፅ ዘዴ

1. መነሻ

በአማርኛ «ፊደል ቆጠረ»፣ «ፊደል ለየ»፣ «ዳዊት ደገመ» የሚሉ ሦስት አባባሎች አሉ። ዛሬ ሦስቱንም «ተማረ» ለማለት ያህል እያፈራረቅን እንጠቀምባቸዋለን። ይሁንና እያንዳንዱ በቀድሞው ንባብ ቤት የተለየ ደረጃን ያመለክታል። መቁጠር የአፍ ሥራ ሲሆን መለየት የዓይን ሥራ ነው፤ ዳዊት መድገም ደግሞ ከሁለቱ በኋላ የሚደረስበት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማተኩረው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከንባብ ቤት መቁጠርን ሲወርስ መለየትን በአብዛኛው ወደ ኋላ እንደተወው ለማሳየት እሞክራለሁ።

2. የንባብ ቤት ሥርዓት

ጀማሪው ተማሪ ገበታውን በስንጥር እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» በማለት በዜማ ይወርዳል። የግዕዙ 26 ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት 7 ዓምዶች ሲባዙ 182 ይሆናሉ። ለአማርኛ የተጨመሩት ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ሲታከሉ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 ይደርሳሉ። ይህን ያህል ምልክት በአእምሮ ለመያዝ ዜማ ታላቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ዜማው ድክመትን ይሸፍናል። ከ«ለ» እስከ «ሎ» ሳይደናቀፍ የሚወርድ ሕፃን «ሌ»ን ብቻዋን ሲጠየቅ፣ ከ«ለ» ተነሥቶ ካልቆጠረ በቀር ላይደርስባት ይችላል። ይህ ሕፃን ፊደል ቆጥሯል፤ ገና አልለየም።

አቡጊዳ በትምህርቱ ሥርዓት ውስጥ ያለው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የፊደላቱ ቅደም ተከተል ከዕብራይስጡ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ጋር የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሰባት የተለያዩ ፊደላትን በሰባት የተለያዩ ዓምዶች ያሰልፋል፤ አንዱ ግዕዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ሌላው ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። የ«ሀ ሁ» ዜማ እዚህ ላይ ስለማይረዳ ሕፃኑ የእያንዳንዱን ምልክት መልክ አይቶ ድምፁን ለማውጣት ይገደዳል። ፒተር ዳንኤልስ የተባሉት የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ በ1990 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰሉ ጽሕፈቶችን ሁሉ «አቡጊዳ» ብለው ስለሰየሙ ቃሉ ዛሬ ዓለም አቀፍ የሙያ ስም ነው።

ለሞክሼ ፊደላትም ንባብ ቤት የራሱ ዘዴ ነበረው። «ሃሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «ጸሎቱ ጸ»፣ «ፀሐዩ ፀ» እየተባለ እያንዳንዱ ፊደል ከአንድ የታወቀ ቃል ጋር ይያያዛል። ዛሬ «ቁልፍ ቃል» ብለን የምናስተምረው ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚያ ተማሪው መልእክተ ዮሐንስን ይዞ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ወደ ዳዊት ይሸጋገራል። የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ሰያፍ፣ የትኛው ተጣይ እንደሆነ ግን ፊደሉ አያሳይም። ይህን ጉድለት የሚሞላው የየኔታ ድምፅ ነው። የሥርዓቱ ትልቅ ድክመትም እዚሁ ላይ ይገኛል፤ ሕፃኑ የሚያነበው የማይናገረውን ቋንቋ በመሆኑ ንባቡ ሲሰምር እንኳ ትርጉሙ ከእርሱ ይርቃል።

3. ገበታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ዋና ትኩረቱ የውጭ ቋንቋዎች ነበሩ። የአማርኛ ንባብ መግቢያ ግን ያው የፊደል ገበታ ሆኖ ቀጠለ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ፊደሉን በርካሽ ኅትመት ሲያሰራጩ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን አብረው አትመዋል። ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በኅብረት የሚዘመረው ግን በአብዛኛው የ«ሀ ሁ» ገበታ ብቻ ሆነ። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ያስቆጥሩ ነበር፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ያልለየው ልጅ በኅብረቱ ድምፅ ውስጥ ተሸሸገ።

የገበታው ቅደም ተከተልም ለአማርኛ ጀማሪ የታሰበ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ 7 ረድፎች (ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ) መካከል አራቱ ሞክሼዎች ናቸው። የመጀመሪያው ረድፍ ራሱ ከሥርዓት ውጭ ነው፤ «ለ» እና «ላ» ሲለያዩ «ሀ» እና «ሃ» በአማርኛ አንድ ድምፅ አላቸው። ሕፃኑ ደንቡን ሳያውቅ በፊት ከደንብ የወጣውን ያጠናል ማለት ነው።

4. የድምፅ ዘዴና አማርኛ

በአሜሪካ በ2000፣ በእንግሊዝ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጡ ሪፖርቶች ምክንያት የፊደልንና የድምፅን ግንኙነት በቅደም ተከተል የማስተማር ዘዴ ከፍተኛ ድጋፍ አገኘ። የእንግሊዝኛ ችግር 26 ፊደላት ከ40 በላይ ድምፆችን መሸከማቸው ነው። የአማርኛ ሸክም ግን የምልክቶቹ ብዛት ነው እንጂ ምልክቱ ከታወቀ ድምፁ እምብዛም አያወላውልም። አያሌ ፊደላትም ደንብ አላቸው፤ «ቡ»፣ «ሱ»፣ «ኩ» በጎናቸው፣ «ቢ»፣ «ሲ»፣ «ኪ» በእግራቸው በሚጨመር ጭረት ይታወቃሉ። ሳድስ ግን አንድ ወጥ ደንብ የለውም፤ አንዳንዴ በአናባቢ፣ አንዳንዴም ያለ አናባቢ ይነበባል።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ጥብቀት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜ ያልደረሰን ነገር ያመለክታል፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና»ም እንዲሁ ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ግን አለቃ ነው። ፊደሉ የማይነግረንን የምንሞላው ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ በቤቱ ሲዳምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ሕፃን ይህን ክፍተት የሚሞላበት ነገር አልነበረውም። የየኔታ ድምፅም አጠገቡ የለም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች መሰጠቱ፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መደንገጉ ይህን ችግር የሚያቃልል ነበር። ቋንቋው መታወቁ ብቻውን ግን አልበቃም። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በ7 ቋንቋዎች አዳዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ከነዚህ በፊደል የሚጻፉት አማርኛና ትግርኛ ሲሆኑ አምስቱ በላቲን ይጻፋሉ።

5. ማጠቃለያ

ለላቲን የተቀመረ ዘዴ «በ» ን ወደ ሁለት ድምፅ ከፍሎ ማስተማርን ይጠይቃል፤ ለፊደላችን ግን ሕፃኑ በጆሮው የሚለየው «በ» የተባለው አንድ ቀለም የሚቀል መነሻ ይመስለኛል። ስለዚህ ዘዴውን ስንቀበል ከንባብ ቤት የቀረውንም መመርመር ይገባናል። ሞክሼዎቹን ማዘግየት፣ ደንብ ያላቸውን ማስቀደም፣ በየሳምንቱም የተማሩትን ፊደላት በአቡጊዳ አኳኋን አደባልቆ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማስነበብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን የፊደልን ታሪክ ሲያጠኑ ስለ አመጣጡ ከሚጠይቁት ያላነሰ፣ ሕፃናት እንዴት እንደለዩት ቢጠይቁ ለመምህራን ማሠልጠኛዎቻችን የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።