የሙታን ጉብታ፣ የሕያዋን ሥልጣን

በሞባይላችን ላይ ያለው «ብሉቱዝ» ስሙን ያገኘው ከአንድ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ንጉሡ ሃራልድ ብሉቱዝ ይባላል፤ የኖረው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የዛሬው ወጋችን ግን ስለ ስልክ ሳይሆን ይህ ሰው እጁን አስገብቶባቸዋል ስለሚባሉ የመቃብር ጉብታዎች ነው።

የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ታላላቆቻቸውን ቀብረው በላያቸው አፈር እየከመሩ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ያቆሙ ነበር። በ1904 በኖርዌይ ኦሰበርግ በተቆፈረው ጉብታ ውስጥ 21 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላት መርከብ ተገኘች። በውስጧ የሁለት ሴቶች አጽም፣ ሠረገላ፣ አልጋና ጨርቃ ጨርቅ ነበረ። የእንጨቱን የዕድገት ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎች ቀብሩ በ834 እንደተፈጸመ ደርሰውበታል።

እስቲ አስቡት! መርከብን የሚያህል ሀብት አፈር አልብሶ መተው! ጉልበቱስ? ያን ሁሉ አፈር ያሸከመ አዛዥ መኖር አለበት። ሟች ደግሞ አያዝም። አዛዡ ወራሹ ነው፤ «እኔ የነዚህ ዘር ነኝ፣ አገሩም የኔ ነው» ማለቱ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰዎች ይህን ጉብታ ሰርስረው ገብተው አጽሙን በታተኑት። ጥለዋቸው የሄዱት የእንጨት አካፋዎች ጊዜው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ መሆኑን ጠቁመዋል። ተራ ሌቦች ናቸው እንዳንል፣ ያን የሚያህል ቁፋሮ ተደብቆ የሚሠራ አይደለም። በ1880 የተቆፈረው የጎክስታድ ጉብታም በዚያው ዘመን ገደማ ተደፍሯል። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ጣታቸውን በኖርዌይ ላይ ሥልጣኑን ያስፋፋ በነበረው በሃራልድ ላይ ይቀስራሉ። የገዥዎቹን ሥር ለመንቀል ከአያቶቻቸው መቃብር መጀመር!

አስገራሚው ነገር፣ በሃራልድ መናገሻ በጄሊንግም ሁለት ግዙፍ ጉብታዎች መኖራቸው ነው። በሰሜኑ ውስጥ በ958 ገደማ የተሠራ የመቃብር ክፍል ቢገኝም አስከሬን አልነበረበትም። በደቡቡ ጉብታ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ መቃብር አልተገኘም። በመካከላቸው የቆመው የሃራልድ ድንጋይ ወላጆቹን ያስታውሳል፤ ዴንማርክንና ኖርዌይን የያዘውም፣ ዴኖችን ክርስቲያን ያደረገውም እሱ መሆኑን ያውጃል።

ሟች የሌለበት ጉብታ ለማን ተሠራ? ለተመልካች ነዋ! እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጉብታ የሚከመረው ሥልጣን ሲደላደል ሳይሆን ተቀናቃኝ ሲበዛበት ነው። ማንም የማይጠይቀው ገዥ ኮረብታ ምን ያደርግለታል?