በባቢሎን የተሰፈረላቸው የንጉሥ ልጆች



በጥንቱ ዓለም ከንጉሥ መወለድ ክብር ብቻ ሳይሆን አደጋም ነበረ። ዙፋን ሲወድቅ አስቀድሞ የሚፈለገው ወራሹ ነበርና። ጎቶልያ የይሁዳን ንጉሣዊ ዘር ባጠፋች ጊዜ ሕፃኑ ኢዮአስ ስድስት ዓመት በእግዚአብሔር ቤት ተሸሽጎ እንደ ዳነ፥ የሴዴቅያስ ልጆች ደግሞ በሪብላ በአባታቸው ዓይን ፊት እንደ ተገደሉ በመጽሐፈ ነገሥት እናነባለን። በእነዚህ መካከል ግን ሞትም ነጻነትም ያላገኙ፥ ዕድላቸው በጠላት እጅ የቀረ ልጆች አሉ፤ እነርሱም የዮአኪን ልጆች ናቸው።

ኢኮንያን የተባለው ዮአኪን በ18 ዓመቱ ነግሦ ሦስት ወር ብቻ ከገዛ በኋላ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ለናቡከደነፆር እጁን ሰጠ። ከእናቱና ከሚስቶቹ ጋራ ወደ ባቢሎን ተማረከ። ነቢዩ ኤርምያስም ከዘሩ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ እንደማይኖር ተናግሮ ነበር። ይህን የሰማ ሰው የዳዊት መብራት ጠፋ ቢል ምን ያስደንቃል?

ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዌይ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1899 እስከ 1917 ዓ.ም. የባቢሎንን ፍርስራሽ ሲያስቈፍር፥ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሸክላ ጽላቶች ተገኙ። በ1939 ዓ.ም. ንባባቸው ሲታተም የቀለብ መዝገብ መሆናቸው ታወቀ፤ ከእነርሱም አንዱ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ592 ዓመት የተጻፈ ነው። በመዝገቡ ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረው ዘይት ተቈጥሮአል፤ ለአምስቱ ልጆች በአንድነት ሁለት መስፈሪያ ተኩል፥ ለእያንዳንዳቸውም ግማሽ ግማሽ። ስማቸው ግን አልተጻፈም። ለግምጃ ቤቱ ጸሐፊ አምስት ተቀላቢዎች ብቻ ነበሩ።

ጠላት በመስፈሪያ ቈጠራቸው፤ እግዚአብሔር ግን በስማቸው ዐወቃቸው። መጽሐፈ ዜና መዋዕል የሰላትያልንና የወንድሞቹን ስም ጠብቆልናል። አባታቸው በተማረከ በ37ኛው ዓመት ዮርማሮዴቅ ከወህኒ አውጥቶ በማዕዱ አስቀመጠው። ከዚያው ዘር የተወለደው ዘሩባቤልም ምርኮኞችን እየመራ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ የቤተ መቅደሱን መሠረት ጣለ። ይሁን እንጂ በፋርስ ነገሥታት ሥር የተሾመ ገዥ እንጂ ንጉሥ አልነበረም። የነቢዩ ቃል አልወደቀም፤ ዘሩም አልጠፋም። ቅዱስ ማቴዎስ ኢኮንያንን፥ ሰላትያልንና ዘሩባቤልን በጌታችን የትውልድ ሐረግ ጽፎአቸዋልና።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ዛሬም ቤቱ የፈረሰበት፥ በስደት ምድር ቀለብ የሚሰፈርለት፥ በሰው መዝገብ ቍጥር ብቻ ሆኖ የቀረ ሕፃን አለ። እኛ ግን የቀለቡን ልክ ብቻ አይተን አንለፈው፤ ስሙን ጠይቀን፥ በስሙ ጠርተን እንቀበለው። እግዚአብሔር በእርሱ ምን እንዳዘጋጀ አናውቅምና።