ስለ ቡና ዛፋችን የዘር ልዩነት

በቂርቆስ ክፍል ያለው የካዛንችስ ስም የመጣው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች የሠራቸው ቤቶች ማለት ነው። በአሮጌዎቹ ግቢዎች ኮክ የተተከለበት አይጠፋም ነበር፤ በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሰፈሩ ብዙ ክፍል ሲፈርስ ከግቢው ጋር ዛፉም ሄደ። ኮክ ግን ትውልዱ ቻይና ስለ ሆነ ሌላ ቦታ ሞልቷል። ይበልጥ የሚያሳስበው አገሩ እዚሁ የሆነው፥ እኛም ከፍራፍሬ የማንቈጥረው ዛፍ ነው፤ ይኸውም ቡና ነው።

ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን፥ ከየመን ወደ ጃቫ ተሻገረ። በ1706 ገደማ ከጃቫ አንድ ችግኝ አምስተርዳም ደረሰ፤ በ1714 ከዘሩ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። የላቲን አሜሪካ ቡና አብዛኛው ከእንደነዚህ ያሉ ጥቂት ዛፎች የተራባ ነው። ቡና በገዛ አበባው ዱቄት የሚያፈራ በመሆኑ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ አንዱን የጣለ በሽታም ሁሉን ይጥላል። በ1869 የቅጠል ዝገት ሴሎን ገብቶ የደሴቲቱን ቡና አጠፋ፤ ገበሬዎቹም ወደ ሻይ ዞሩ።

ወደ እኛም አገር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ገባ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቍሮ የሚያረግፍ ክፉ በሽታ ነው፤ በኬንያ ከ1922 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ነገር ግን የሴሎን ዕጣ አልደረሰብንም። የጅማ ምርምር ጣቢያ ሰዎች በሽታው በጠናበት ስፍራ እየዞሩ፥ ጎረቤቶቹ ሁሉ ጠቍረው እርሱ ብቻ ፍሬውን ይዞ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ ነበር። ዘሩን አፈሉ፤ በችግኙ ላይ በሽታውን ሆን ብለው ረጩበት፤ የጸናውን መረጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬ የታደሉት 74110 እና 74112 ከኢሉባቦር፥ ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ዛፍ ከቍጥር የተሻለ ስም ይገባው ነበር። እነዚህንም ዛፎች ያዳቀላቸው ምሁር የለም፤ ከነጽናታቸው ተገኙ እንጂ። ስፍራው ቀደም ብሎ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ፈላጊዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። የስንዴና የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፤ የቡና ዘር ግን እንዲህ ሲደረግ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ቡና የሚጠበቀው ዛፉ ከነሕይወቱ ተተክሎ ነው፤ በጅማ በኩል ጮጬ ላይ በሺህ የሚቈጠር የቡና ናሙና በማሳ ተተክሏል። ይህም ሆኖ ማሳ ጫካን አይተካም፤ በጫካ ያለው ዛፍ ከአዲስ በሽታ ጋር እየታገለ በየትውልዱ ይለወጣልና። የከፋና የያዩ ጫካዎች በ2010 በዩኔስኮ ጥብቅ ስፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። በያዩ ጫካ ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡና ዛሬም ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያፈራል።