ከባርኔጣ እስከ መስተዋት፦ በኒው ዮርክ መናፈሻ የፍልሰተኛ አዕዋፍ ምልከታ ታሪክ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ከአውሮፓና ከእስያ የተነሡ አዕዋፍ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር መስፈራቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በእነዚያው ወራት ከካናዳ ደኖች የተነሡ አዕዋፍ በሚሊዮን እየተቆጠሩ የአትላንቲክን ዳርቻ ተከትለው ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። አብዛኞቹ የሚበሩት በሌሊት ነው፤ አቅጣጫቸውንም በከዋክብትና በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ይለያሉ። ጎሕ ሲቀድ ደክመውና ተርበው ቁልቁል ሲመለከቱ ኒው ዮርክ ላይ የሚያገኙት የድንጋይ፣ የብረትና የመስተዋት ባሕር ነው። በዚህ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የተዘረጋው ሴንትራል ፓርክ የተባለው መናፈሻ ማረፊያቸው ሆኗል። ይሁን እንጂ የከተማው ሰው እንግዶቹን ሳይገድል መመልከትን የተማረው በአንድ ጀንበር አልነበረም።

መናፈሻውን የነደፉት በ1858 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተደረገውን ውድድር ያሸነፉት ፍሬዴሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ናቸው። ስፋቱ 341 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ «ራምብል» የሚባል ጠመዝማዛ መንገዶች ያሉት ጫካማ ሥፍራ ይገኛል። ረግረጉ ተደልድሎ፣ ኩሬው ተቆፍሮ፣ ዛፉ ተተክሎ የተሠራው ለሰው ዕረፍት እንጂ ለአዕዋፍ ተብሎ አልነበረም። ነገር ግን ዙሪያው በሕንፃ በተሞላ ቁጥር ለአዕዋፉ የሚሰጠው ጥቅም እያደገ ሄደ። በሰፊ ደን ላይ ተበታትነው ያርፉ የነበሩት ሁሉ ሌላ ማረፊያ በማጣታቸው በዚህች ጠባብ አረንጓዴ ሥፍራ ይሰበሰባሉና። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ዝርያዎች በመናፈሻው የሚታዩት ስለዚህ ነው።

መናፈሻው በተሠራበት ዘመን ስለ አዕዋፍ ማወቅ ማለት አዕዋፍን መግደል ማለት ነበር። ዕውቁ የአዕዋፍ ሊቅ ኤሊየት ኩስ በ1874 ባሳተመው የመስክ መመሪያ ለተማሪው ዋና መሣሪያ አድርጎ ያቀረበው ጠመንጃን ነው። ተመትቶ በእጅ ያልገባ ወፍ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም ነበር። ከሳይንሱ ይልቅ የከፋ ጥፋት ያደረሰው ግን የባርኔጣ ፋሽን ነው። በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ ወጣት የባንክ ሠራተኛ በማንሃተን የገበያ ጎዳናዎች ሁለት ጊዜ ተዘዋውሮ የሴቶችን ባርኔጣ ቆጠረ። ካያቸው 700 ባርኔጣዎች ውስጥ 542ቱ በላባ ያጌጡ ሆነው አገኛቸው፤ 40 ያህል የአገሩን የወፍ ዝርያዎችም ለይቶ መዘገበ። የቆጠራው ኃይል በቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ቻፕማን ሁሉም በየዕለቱ እያየ የማያስተውለውን ነገር በከተማው መካከል ቆሞ በስሙ ጠራው።

ከዚህ በኋላ ለውጡ በየአቅጣጫው መጣ። በ1889 ፍሎረንስ ሜሪየም በቲያትር መነጽር አዕዋፍን ስለ መመልከት የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ፤ በጠመንጃው ፈንታ መነጽር ሊያዝ እንደሚችል ለሰፊው አንባቢ አሳየ። በ1896 በቦስተን ሃሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል በላባ ማጌጥን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ። በ1900 ቻፕማን በገና ዕለት ይደረግ የነበረው የአደን ውድድር በቆጠራ እንዲተካ ሐሳብ አቀረበ፤ በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች በ25 ሥፍራዎች ሲቆጥሩ ከሥፍራዎቹ አንዱ ይኸው መናፈሻ ነበር። በመጨረሻም በ1916 ከካናዳ ጋር በተያያዘ ከብሪታንያ ጋር የተፈረመውን ውል መሠረት በማድረግ፣ ፍልሰተኛ አዕዋፍን የሚጠብቀው ሕግ በ1918 ወጣ።

ጠመንጃው ሲቀመጥ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ያልተያዘ ወፍ በምን ይታወቃል የሚል ነው። በኒው ዮርክ ያደገው ለድሎው ግሪስኮም ወፍ በቅርጹ፣ በቀለም ምልክቱና በአኳኋኑ በዓይን ብቻ ሊለይ እንደሚችል አስተማረ። በ1924 በብሮንክስ ወጣቶች የተቋቋመው የአዕዋፍ ክበብ አባላት የእርሱን ዘዴ ተከተሉ፤ ኋላም ከክበቡ የተቀላቀለው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን ዘዴውን በሥዕል አቀናብሮ በ1934 መጽሐፍ አወጣ። የታተሙት 2,000 ቅጂዎች በአጭር ጊዜ ተሸጠው አለቁ።

የዚህ ዕውቀት እውነተኛ ፈተና የመስከረምና የጥቅምት ወራት ናቸው። በሚያዝያና በግንቦት ወደ ሰሜን ሲመለሱ ወንዶቹ ደማቅ ላባ ለብሰው እየዘመሩ ስለሚያልፉ መለየታቸው ብዙ አያስቸግርም። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ብዙዎቹ ላባቸው የደበዘዘ፣ ዝማሬያቸውም የተቋረጠ ነው፤ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ ግልገሎችም ይቀላቀሏቸዋል። ተመልካቹ ቀዝቃዛው የሰሜን ነፋስ በነፈሰ ማግስት ማለዳ ራምብል ውስጥ ቆሞ በቅጠል መካከል የምትንቀሳቀሰውን ትንሽ ወፍ በትዕግሥት ይከታተላል። ከእነዚህ አንዷ ብላክፖል ዋርብለር የምትባለው 12 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች፤ ሳለ ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ተነሥታ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ ያለ ዕረፍት እንደምታቋርጥ በ1915 ሳይሆን ገና በ2015 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል።

መመልከት ብቻውን ግን ማረፊያውን አያስጠብቅም። በ1955 የመናፈሻዎች ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሞዝስ ከራምብል 14 ኤከር ያህሉን አጥሮ የአረጋውያን መዝናኛ ማዕከል ሊሠራበት አቀደ። ዓላማው ለአረጋውያን በጎ ቢሆንም ጫካው ከጠፋ የሚተካ ሥፍራ አልነበረም። የአዕዋፍ ተመልካቾች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ዕቅዱም ቀረ።

ዛሬ ያለው አደጋ ከጠመንጃም ከመዶሻም ይልቅ የረቀቀ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ 2.9 ቢሊዮን ያህል አዕዋፍ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ከብዙዎቹ ምክንያቶች መካከል በኒው ዮርክ ጎልተው የሚታዩት ብርሃንና መስተዋት ናቸው። በየዓመቱ በሴፕቴምበር 11 ለሙታን መታሰቢያ ወደ ሰማይ የሚለቀቁት የብርሃን ዓምዶች ከ2008 እስከ 2016 በተጠኑት ሰባት ሌሊቶች 1.1 ሚሊዮን ያህል አዕዋፍን ከመንገዳቸው እንደሳቡ በ2017 ታውቋል። ስለዚህ በብርሃኑ የተያዙት አዕዋፍ ሲበዙ መብራቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጠፋል፤ አዕዋፉም ወዲያው ይበተናሉ። መታሰቢያው አልተነካም፤ የአዕዋፉም ሕይወት ይተርፋል።

መስተዋቱን መቋቋም ከዚህ ይከብዳል። ወፉ በሕንፃው ላይ ያየውን የዛፍ ነጸብራቅ እውነተኛ ዛፍ አድርጎ ሲበር ተጋጭቶ ይሞታል። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2021 ማለዳ አንዲት በጎ ፈቃደኛ በዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ሥር ከ200 የሚበልጡ የሞቱ አዕዋፍ አገኘች። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። የጃቪትስ የጉባኤ ማዕከል መስተዋቱ ነጠብጣብ ባለው በተተካ ጊዜ የሚሞቱት አዕዋፍ በ90 በመቶ ያህል ቀነሱ። ከ2021 ጀምሮ የጸናው የከተማው ሕግም አዳዲስ ሕንፃዎች እስከ 75 ጫማ ከፍታ ድረስ ወፍ ሊያየው የሚችል መስተዋት እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። ቀድሞ የተሠሩት ግን፣ ዐቢይ እድሳት ካልተደረገላቸው በቀር፣ እንደነበሩ ናቸው።

ቻፕማን በማንሃተን ጎዳና ላይ የሞቱ አዕዋፍን ከቆጠረ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም በመስከረምና በጥቅምት ማለዳ በጎ ፈቃደኞች በዚያው ከተማ የእግረኛ መንገድ ላይ ይቆጥራሉ። ባርኔጣው የባለቤቱ ጌጥ እንደነበረ ሁሉ የሚያብረቀርቀው መስተዋትም የሕንፃው ጌጥ ነው፤ የሚለየው የመጀመሪያው በመሻት፣ ሁለተኛው ባለማወቅ መግደሉ ነው። አሁን ግን ታውቋል። ከእንግዲህ ሕንፃ የሚነድፍ ባለሙያ በወረቀቱ ላይ መስመር ሲያሰምር፣ በዚያ መስመር ላይ በሌሊት የሚያልፍ መንገደኛ መኖሩን አላውቅም ነበር ለማለት አይችልም።