«የቻርም ምርት» ስንል

«ቻርም» በእንግሊዝኛ ማራኪነት ነው፤ በፊዚክስ ግን የአንድ ኳርክ (መሠረታዊ ቅንጣት) መጠሪያ እንጂ የቁንጅና ወሬ አይደለም። ስሙን የፊዚክስ ሊቃውንቱ ብዮርከንና ግላሾው እ.ኤ.አ. በ1964 አወጡለት፤ በ1974 ጄ-ፕሳይ የተባለችው ቅንጣት ስትገኝ መኖሩ ተረጋገጠ። በሰርን የምርምር ማዕከል የእርሳስ አስኳሎች ሲጋጩ «የቻርም ምርት» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል። በ1986 ማትሱይና ሳትዝ የቻርምና የፀረ-ቻርም ጥንድ የሆነችው ጄ-ፕሳይ በእንዲህ ያለ ግጭት በሚፈጠረው የኳርክና ግሉዎን ፕላዝማ ውስጥ እንደምትመናመን ተነበዩ። ታዲያ እሷ ስታንስ ቻርምም አነሰ ማለት ነው? አይደለም። ቻርም ከፕሮቶን ስለሚከብድ በአብዛኛው የሚፈጠረው ግጭቱ ገና ሲጀምር ነው፤ ጥንዱ ቢለያይም ኳርኮቹ አይጠፉም፣ ሌላ ቅንጣት ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹን ዲ ሜሶኖች የተባሉት ቅንጣቶች ይወስዷቸዋል። ከእነሱ አንዷ ዲ ዜሮ ከመፈራረሷ በፊት የምትጓዘው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው፤ ተመራማሪዎች ከእሷ የሚወጡትን የካኦንና የፓዮንን ዱካ ወደኋላ ተከትለው መነሻቸው ከግጭቱ ነጥብ ፈቀቅ ማለቱን ያያሉ። ረቂቅ ሥራ ነው!

«እንግዲያው ዲዎቹን ቆጥሮ የቀረውን በቀድሞ ልኬት መገመት ይበቃል» የሚል ይኖራል። ይህ የሚያስኬደው የእያንዳንዱ ቅንጣት ድርሻ በየግጭቱ አንድ ዓይነት ቢሆን ነበር። በሰርን ያለው የአሊስ ሙከራ ግን በፕሮቶን ግጭት ቻርም ያለበት የላምዳ ሲ ባሪዮን (ባለ ሦስት ኳርክ ቅንጣት) ድርሻ በኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ግጭት ከታየው እጅግ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ባሪዮኖቹን ያልጨመረ ድምር የዲ ሜሶን ቆጠራ ይባል እንጂ የቻርም ምርት ሊባል አይገባውም።